ለማታ ይትረፍ የተባለው የባትሪ ድንጋይ

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የባትሪ ድንጋይ ብብታችሁ ውስጥ ወሽቃችሁ ዳገት ወጥታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ወጥቻለሁ። ሁለቱን በቀኝ፣ ሁለቱን በግራ። ክንዴን ከጎኔ ካላቀቅኩ ድንጋዩ ይወድቃል፤ ስለዚህ መንገድ ላይ ሰላም ያለኝን ሰው ሁሉ በአገጬ ነበር የምመልሰው። ከጅማ ወጣ ብላ ካለችው ከየቡ ማዶ ያለ ሰው ደግሞ ሰላምታው ረጅም ነው። «አካም፣ ነጋ፣ ፈያ» ብሎ ልጆችህን፣ ከብትህን፣ ቡናህን ጠይቆ ካልጨረሰ አያሳልፍህም። እኔ ክንዴን ሰብስቤ አገጬን ወደ ላይ ወደ ታች ሳደርግ ያዩ አንዲት ሴትዮ ከንፈራቸውን መጠጡና ከያዙት ሸንኮራ ቆርጠው ኪሴ ከተቱልኝ። እጀ ሽባ መስያቸው ነው።

ለምን እንደዚያ ሆንኩ? ያኔ፣ በደርግ መጨረሻ አካባቢ፣ ጅማ ጊንጆ ሰፈር ውስጥ በአንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ የመታወቂያ ፎቶ አነሳ ነበር። ቀላል ሥራ ነው። ሰው በርጩማ ላይ ይቀመጣል፣ ጆሮው እንዲታይ ሻሹን ወይ ቆቡን ገፋ ያደርጋል፣ አነሳዋለሁ። ፈገግ በሉ ብዬ አላውቅም፤ በዚያ ጊዜ ፈገግ ልበል ያለኝም የለም። ታዲያ አንድ ቀን ጓድ ሽብሩ የሚባል ካድሬ መጣና ጅማ ላይ ኤግዚቢሽን ሊከፈት ነው፣ ከየቡ ማዶ የተመሠረተው አዲሱ የገበሬዎች መንደር ፎቶ ያስፈልጋል፣ መኪና አይገባም፣ በእግር ነው የሚኬደው፣ ነገ ጠዋት ተዘጋጅ አለኝ። ትሄዳለህ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም።

ችግሩ ፍላሹ ነበር። የኔ ፍላሽ አራት ትንንሽ የባትሪ ድንጋይ ይበላል፤ ድንጋይ ደግሞ ከከተማው ድራሹ ጠፍቷል። ቀበሌ ሱቅ ብሄድ ያገኘሁት የሸራ ጫማ ነው፤ እሱም የግራ እግር ብቻ። በመጨረሻ ጓድ ሽብሩ ራሱ አራት ድንጋይ ከቢሮው አመጣና የሕዝብ ንብረት መሆኑን አስታውሶኝ አንድ በአንድ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ለሙሽራ ቀለበት የሚያጠልቅ ነበር የሚመስለው። የፎቶ ቤቱ ባለቤት በሥራው የሸበቱ ሰው ናቸውና ስሰናበታቸው መከሩኝ። ድንጋይ ብርድ አይወድም፣ ከገላህ አትለየው፤ አንስተህ ስትጨርስ ከፍላሹ አውጣው፤ ካልቸገረህ በቀር አታብልጭ አሉኝ። ምክሩ ጥሩ ነበር። የሚሰማ ካድሬ አልተገኘም እንጂ።

ጓድ ሽብሩ አንድ የማይነቃነቅ እምነት ነበረው። ብልጭ ያላለ ፎቶ ፎቶ አይደለም ብሎ ያምናል። ወንዝ ሲሻገር ብልጭ። የቡና ችግኝ ሥር ቁጢጥ ብሎ ብልጭ። አናት የሚበሳ የቀትር ፀሐይ ላይ፣ ከየቡ ከተከራያት በቅሎ ጎን ቆሞ፣ ብልጭ። በቅሎዋ ሁለተኛውን አልወደደችውም፤ እሱን ጥላ ወደ የቡ ተመለሰች። ጓድ፣ ፀሐይዋ እኮ ትበቃናለች ስለው ዞር ብሎ አየኝና «ፀሐይዋን ማን መደባት?» አለኝ። ድንጋዩን ከብብቴ አውጥቼ ፍላሹ ውስጥ ከተትኩ።

ድንጋይ ሲደክም ፍላሹ ዝግጁ ነኝ የሚልበትን ቀይ መብራት ለማሳየት ጊዜ ይወስዳል። ጓድ ሽብሩ ግራ እጁን ጨብጦ ወደ ሰማይ አንስቶ ይጠብቃል፤ እኔ ቀይዋን እጠብቃለሁ። መጀመሪያ አካባቢ ምራቅ እስኪዋጥ ነበር። በኋላ ሰው ከብቱን ነድቶ በአጠገባችን አልፎ ከዓይን እስኪጠፋ ሆነ። ከማዶ ቡና የሚለቅሙ ሰውዬ የተጠሩ መስሏቸው ቅርጫታቸውን ጥለው እየሮጡ መጡ። የተነሳውን እጅ ሲያዩ ምን አጠፋሁ ብለው እሳቸውም እጃቸውን አነሱ። ሁለቱም እጃቸውን እንዳነሱ ቀይዋ በራች፤ አነሳኋቸው።

መንደሩ አፋፍ ላይ ስንደርስ ድንጋዮቹ አልቆላቸው ነበር። ሬዲዮ ያለው ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው በጥርሴ ነከስ ነከስ አደረግኳቸው፤ ሲነከሱ ትንሽ ነፍስ ይዘራሉ ይባላል። አንደኛውን አጠበቅኩት መሰለኝ ተበሳ። ጥቁር የሚያቃጥል ነገር አፌን ሞላው። እንግዲህ ከሚያሳድሩኝ ሽማግሌ ጋር ስተዋወቅ ጥርሴ ከሰል ነበር ማለት ነው። አባ ዱራ ይባላሉ፤ ቀጭን፣ ሽበታቸው የወጣ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው። ጥርሴን ረጋ ብለው አዩና ውሃ በጨው አመጡልኝ። ምን ሆንክ ብለው አልጠየቁም።

ጓድ ሽብሩ በገበሬ ማኅበሩ ቢሮ እንዲያድር ተደረገ፤ እኔ አባ ዱራ ቤት። ደጃቸው ከነገለፈቱ ያለ ጀንፈል ቡና እንዲደርቅ ተሰጥቷል፤ ውስጡ አንድ ክፍል ነው። የመግሪብ ሶላት እንዳበቃ መጀመሪያ እማማ ፋጤ የሚባሉ ጎረቤት ገቡ፤ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። ተቀመጡና የሻሻቸውን ጫፍ ፈተው አንድ የባትሪ ድንጋይ አውጥተው ምንጣፉ ላይ አኖሩ። ቀጥሎ የቁርዓን አስተማሪው ሼህ ከማል መጡ፤ ከቆባቸው ሥር አንድ ድንጋይ። እኔ ልቤ ተነካ። መንደሩ ጭንቀቴን ሰምቶ ሊረዳኝ የተነሳ መስሎኝ እንዲህ ያለ ሕዝብ አይቼ አላውቅም እያልኩ ማመስገን ጀመርኩ። ሦስቱም እርስ በርስ ይተያያሉ። በዚህ መሐል የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አባ ኦሊ ገቡ፤ ከሰዓት በኋላ በመፈክር የተቀበሉን ራሳቸው። እሳቸውም ከኮታቸው ኪስ አንድ ድንጋይ አወጡ። ከዚያ አባ ዱራ የራሳቸውን ከትራስ ሥር፣ አንድ ትንሽ ሬዲዮም ከጨርቅ ፈተው አመጡ፤ ያኔ ገባኝና ምስጋናዬን አቆምኩ።

የወንበዴው ሬዲዮ ነው። በሰሜን ደርግን የሚወጉትን ያን ጊዜ እንደዚያ ነበር የምንላቸው። ማታ ማታ የተማረኩ ወታደሮችን ስም ያነባል፤ ሲያዳምጥ የተገኘ ሰው ደግሞ የት እንደሚገባ ሁሉም ያውቃል። የአራቱም ቤት ልጆች በአንድ ቀን ነበር የዘመቱት። ከዚያ ወዲህ ወሬያቸው የለም። ስሙ ከተጠራ በሕይወት አለ ማለት ነው፤ ሌላ የማወቂያ መንገድ የላቸውም። ድንጋዩን ለየቤቱ አንድ አንድ ያደረጉት ማንም ለብቻው እንዳይሰማ ነው። ክፉም ይሁን ደግ አንድ ላይ እንስማው ተባብለዋል። አባ ኦሊ ቀና ብለው ሳያዩኝ የራሳቸውን ነገሩኝ። ለውትድርናው ኮታ የሰውን ልጆች ሲሰጡ ከርመው በዚያ ቀን ቁጥሩ ሲጎድል የሳቸውን ወሰዱባቸው። እነ አባ ዱራ ልጆቻቸውን ለሰጠ ሰው እንዴት ምንጣፍ እንዳነጠፉ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። እኔ ብሆን አላነጥፍም።

አራቱም ወደኔ ዞሩ። አባ ዱራ ጆሮህ እንዴት ነው ልጄ አሉኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ አይሰማም አልኳቸው። አልሐምዱሊላህ አሉና ሬዲዮውን ከፈቱ።

ድምፁ የጉንዳን ያህል ነበር። አራት ሽበታም ራስ በአንድ ላይ አጎንብሶ ያዳምጣል፤ የማይሰማው የኔ ራስም አምስተኛ ሆኖ ገብቷል። ያን ማታ የሌላ ክፍለ ሀገር ስሞች ነበሩ። መጨረሻ ላይ ስም የሚያነበው ሰውዬ ነገ በዚህ ሰዓት ከከፋ ክፍለ ሀገር የሆኑትን እናሰማለን አለ። ከፋ እኛ ነን። እማማ ፋጤ ድንጋያቸውን ሻሻቸው ጫፍ ላይ መልሰው ሁለት ጊዜ ቋጠሩት።

በማግስቱ ጠዋት ጓድ ሽብሩ እግሩ ውሃ ቋጥሮ እያነከሰ መጣ። ከሰዓት በኋላ አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ አለ፣ የኤግዚቢሽኑ ዋና ፎቶ እሱ ነው፣ ፍላሹን አሳየኝ አለ። ከነጋ ጀምሮ ድንጋዮቹን ከጀንፈሉ ጋር ፀሐይ ላይ አስጥቼ እንደ ቡናው ሳገላብጥ ነበር። ከተትኩ፣ ጠበቅን፣ ቀይዋ አልመጣችም። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ እሱም የሚፈራው ጓድ ነበረው። ዓይኑ ላይ ያየሁት ፍርሃት ነው። ግን የፈራ ካድሬ ከተቆጣው ይብሳል።

«ካሜራው ከከበደህ ጠመንጃው ይቀልልህ ይሆናል» አለኝ። «ዕድሜህ እንደሆነ ይፈቅዳል።»

ሲሄድ ጀንፈሉ አጠገብ ቁጭ አልኩ። አባ ዱራ ምን አለህ አሉኝ። ነገርኳቸው። ግንባር የሚለውን ቃል ስጠራ ቡና የሚያገላብጡበት እጃቸው ቆመ። ተነስተው ወጡ። ቆይተው ሲመለሱ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል፤ አራቱም ድንጋይ ነው። ዛሬ ማታ እኮ የከፋ ስሞች ናቸው አባ አልኳቸው።

«አራት ልጅ ሰጥተናል» አሉኝ። «አምስተኛ አንሰጥም። አንተ ብቻ ለማታ አትርፍልን።»

እንግዲህ ከዚያች ሰዓት በኋላ የሆንኩትን መሆን አልመኝላችሁም። አራት ቤት መድረሻው ያልታወቀ ልጁን ኪሴ ውስጥ ከቶልኛል። አንድ ጊዜ በበለጨ ቁጥር ከማታው ላይ ምን ያህል ስም እንደሚበላ እንኳ አላውቅም። ጓድ ሽብሩ ደግሞ ድንጋዩ ፀሐይ ላይ ነፍስ ዘራ ስለው ደስ ብሎት ከስብሰባው በፊት በየደጁ እየዞርን እንድናነሳ አዘዘ። ከጎተራው ጋር፣ ከምንጩ ጋር፣ ከሽማግሌዎች ጋር፣ ከበሬ ጋር። ሰው ሲጨንቀው የማይዋሸው ውሸት የለም፤ አሁን የማይታይ ፍላሽ መጥቷል፣ ብልጭታው በዓይን አይለይም፣ ፎቶው ላይ ብቻ ነው የሚወጣው አልኩት። ጓድ ሽብሩ ትንሽ አሰበ። አላውቅም እንዳይል ካድሬ ነው። አዎ፣ አዲስ አበባ ስልጠና ላይ አይቼዋለሁ አለና ስለማይታየው ፍላሽ ለገበሬዎቹ ሰፊ ማብራሪያ ሰጠ። አንዱ በሬውን ይጎዳው እንደሆነ ጠየቀ። አይጎዳውም ተባለ።

አዳራሹ ውስጥ ግን ውሸቴ አልሠራም። አዳራሹ ገና ጭቃ አልተመረገም፤ ግድግዳው አለፍ አለፍ ብሎ የቆመ እንጨት ነው። ይህ ለኤግዚቢሽን አያምርም ተብሎ ዙሪያውን በሰሌንና በቀይ ጨርቅ ተሸፍኗል። ጨለማው ድቅድቅ ነው፤ እዚያ ያለ ፍላሽ የሚነሳ ነገር የለም። አባ ኦሊ ሪፖርት ሲያነቡ አንዴ አበለጨሁ። ከፊት የተቀመጡት አባ ዱራ በጥፊ የተመታ ሰው ያህል ደነገጡ። እማማ ፋጤ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ሼህ ከማል መቁጠሪያቸውን ያዙ። አባ ኦሊማ የሚያነቡት መስመር ጠፋባቸውና ስለ መኖ ያሉትን መልሰው አሉት። ጓድ ሽብሩ ዓይኔን ጨፍኛለሁ፣ ድገመው አለ። ደገምኩ። አሁን የፊት ረድፉ ጨፍኗል፣ ድገመው አለ። ቀይዋ ከበፊቱ ዘግይታ መጣች። እንደገና አበለጨሁና ቀና ብዬ የአባ ዱራን ፊት ማየት አቃተኝ።

በዚህ ጊዜ ነው እማማ ፋጤ ሙቀት መታኝ ብለው መሬት ላይ የተዘረጉት። ሼህ ከማል አየር ስጧት እያሉ ጮኹ። አባ ዱራ ዕድሜያቸውን ረስተው ዘለው ተነሱና ከጎናቸው ያለውን ሰሌን ከነቀይ ጨርቁ ገነጠሉት። ብርሃን ገባ። ጎረቤቶቻቸው ነገሩ ይግባቸው አይግባቸው እንጃ፣ እየተነሱ ይገነጥሉ ጀመር። ሊቀመንበሩ ሪፖርታቸውን ጥለው ከመድረኩ ጀርባ ያለውን ራሳቸው ቀደዱት። አፍታም ሳይቆይ አዳራሹ ሜዳ ሆነ። እማማ ፋጤ ተኝተው በአንድ ዓይናቸው ብርሃኑን ያያሉ፤ ገና ያ የግራው ሰሌን አልተነሳም ብለው ነው መሰለኝ እስኪነሳ ድረስ አልነቁም። ጓድ ሽብሩ ይህን ሁሉ ሲያይ የሰፊው ሕዝብ ተነሳሽነት ብሎ አጨበጨበ። እኔም ፍላሹን ከካሜራው ነቅዬ ድንጋዮቹን ብብቴ ውስጥ ከተትኩና በፀሐይዋ ብቻ ፊልሜን ጨረስኩ። ማንም ባይመድባት እንዴት ያለች ፀሐይ ነበረች።

ማታ መግሪብ ተሰግዶ አራቱም መጡ። ድንጋዮቹን ከነሙቀታቸው ለየባለቤታቸው ሰጠሁ። አባ ዱራ የሳቸውን ጉንጫቸው ላይ አድርገው ፈገግ አሉ፤ ሲስቁ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። የቀኑ ሥራችን ሁላችንንም ትንሽ አሳስቆን ነበር፤ እማማ ፋጤን ሙቀቱ እንዴት ነው ይሏቸዋል። ሬዲዮው ሲከፈት ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ። ደረቴን ነፋሁ፣ አልዋሽም። በሕይወቴ እንደዚያ የኮራሁበት ሥራ የለኝም።

ስሞቹ ጀመሩ። ከከፋ ክፍለ ሀገር። ሰውየው ሳይቸኩል ስሙን ከነአባቱ ይላል፣ አውራጃውን ይላል፣ ያልፋል። እዚህም እዚያም የሰኮሩ ልጅ፣ የአጋሮ ልጅ ይጠራል። የምናውቀው ስም የመጀመሪያው ፊደል በመጣ ቁጥር አራቱ ራሶች ዝቅ ይላሉ፤ የአባቱ ስም ሌላ ሲሆን ቀና ይላሉ። ከዚያ ጀማል አባ ጊዲ ተባለ። የእማማ ፋጤ ልጅ ነው። እማማ ፋጤ ሻሻቸውን በሙሉ አፋቸው ውስጥ አስገብተው ነከሱት፤ ድምፅ እንዳያወጡ። አባ ኦሊ እጃቸውን ያዙላቸው። ሼህ ከማል በሹክሹክታ አልሐምዱሊላህ አሉ፤ ሦስቱም ከልባቸው ደስ አላቸው፣ ፊታቸው ላይ አይቼዋለሁ። አንዱ ከተገኘ የቀሩትም አብረው ነው የሚሆኑት ብዬ አሰብኩ። እነሱም እንደዚያ ሳያስቡ አልቀሩም፤ አባ ዱራ ወደ ሬዲዮው ይበልጥ ተጠጉ።

ስሞቹ ቀጠሉ። ከዚያም ሰውየው ከከፋ ክፍለ ሀገር የሆኑት እነዚህ ናቸው አለና የማርሽ ሙዚቃ ተለቀቀ።

ቀኑን ሙሉ የፈራሁት ድንጋዩ ቀድሞ ያልቃል ብዬ ነበር። ስሙ ቀድሞ ያልቃል የሚል አሳብ አንድም ጊዜ አልመጣብኝም። ማርሹ ይመታል፤ ድምፁ አልደከመም። ሼህ ከማል መቁጠሪያቸውን ይዘው ጣታቸው አይንቀሳቀስም። አባ ኦሊ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ትከሻቸው ይነቃነቃል። እማማ ፋጤ፣ ደስታቸው ያሳፈራቸው ይመስል፣ ድንጋዩ ለነገ እንዲተርፍላቸው ብለው ሬዲዮውን ሊዘጉ እጃቸውን ዘረጉ።

«ተይው» አሉ አባ ዱራ። «ይናገር።»

እማማ ፋጤ እጃቸውን ሰበሰቡ። ማርሹ አለቀና ዜና መጣ፤ ዜናው አለቀና ሰውየው በትግርኛ ይናገር ጀመር። ከመካከላችን ትግርኛ የሚያውቅ አልነበረም። አጎንብሰን አዳመጥነው።